ማገዶ ቆርጦ፣ ፈልጦ፣ አድርቆ መሸጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ፈላጭ ቆራጭ ነኝ» እላለሁ። ይስቃሉ። ውሸት ግን አይደለም። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ከአባቴ የተረከብኩት ትንሽ ባሕር ዛፍ አለኝ። እቆርጣለሁ፣ እፈልጣለሁ፣ አደርቃለሁ፣ እሸጣለሁ። ትልቅ ነጋዴ አይደለሁም። በዓመት የምሸጠው አንድ ሁለት አይሱዙ ቢሞላ ነው።

በጀመርኩበት ዓመት አረቄ ለሚያወጡ አንዲት እናት አንድ የአህያ ጭነት ፍልጥ ወሰድኩላቸው። በሳምንቱ ገበያ ላይ ያዙኝ። «ልጄ፣ እኔ ያዘዝኩህ እንጨት ነው። ውኃማ ቤቴ ቧንቧ አለ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። እንጨቱ ከተቆረጠ ገና አሥር ቀኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን ሥራ የማየው በእሳቸው ዓይን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጎረቤት፣ ደንበኛና «እኔም ልጀምር» የሚል ወጣት በየጊዜው የሚጠይቁኝ ናቸው።

ዛፉን መቼ ልቁረጥ?

የኔ ጊዜ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ነው። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው ውርጭ ነው። እኛ ያለንበት ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። በጥቅምት የቆረጥከው ጉቶ ልክ በዚያ ሰሞን ቀምበጥ ያወጣል፤ ጠዋት ስትመለከተው ጠቁሮ ታገኘዋለህ። በየካቲት ከተቆረጠ ግን ቀምበጡ በልጉንም ክረምቱንም ያገኛል።

ሁለተኛው ምክንያት መድረቂያ ጊዜ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ፀሐይም ነፋስም አለ። በክረምት የተቆረጠ እንጨት ከጭቃ ጋር ይታገላል፣ ይሻግታል፣ አህያዋም ታዝናለች።

ዕድሜውን በተመለከተ፣ ለማገዶ ብቻ ከሆነ 5 ዓመት የሞላው ባሕር ዛፍ ይበቃል። ቀዝቃዛ ደጋ ላይ አንድ ሁለት ዓመት መታገሥ ሊያስፈልግ ይችላል። ክንድ የሚያህለው ውፍረት ለመፍለጥ ይመቻል። ከዚያ በላይ የወፈረውን ማገዶ ከማድረግ በፊት ሁለት ጊዜ አስቡበት። ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ጉቶው እንደገና እንዲያቆጠቁጥ እንዴት ይቆረጣል?

ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡ። ከመሬት አንድ ስንዝር እንኳ አይሙላ፤ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥሩ ነው። ከፍ ብሎ የተቆረጠ ጉቶ ቀምበጡ ከላይ ይበቅልና ነፋስ ይገነጥለዋል። አቆራረጡ ትንሽ ዘመም ያለ ይሁን፤ ውኃ አይቋጥርም። ዋናው ነገር ግን ልጡ ነው። ልጡ ከጉቶው ከተላጠ ቀምበጡ የሚወጣበት ቦታ ተበላሸ ማለት ነው። በደነዘዘ መጥረቢያ የተቀጠቀጠ ጉቶ እና በመጋዝ የተቆረጠ ጉቶ በዓመቱ ስታዩአቸው የአንድ እናት ልጆች አይመስሉም።

ከአንድ ጉቶ አሥርም አሥራ አምስትም ቀምበጥ ይወጣል። በዓመቱ ጠንካራዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ትታችሁ ሌላውን አንሡ። የተነሣው ለእንጀራ መጋገሪያ ምርጥ ጭራሮ ነው። ከሦስት አራት ዙር በኋላ ጉቶው ይደክማል። ያኔ ነቅሎ አዲስ መትከል ነው።

እርጥቡን ልፍለጥ ወይስ ሲደርቅ?

እርጥቡን! ባሕር ዛፍ እርጥብ እያለ ቅቤ ነው ባልልም ይሰማል። ሲደርቅ ግን ጭረቱ ይጠላለፍና መጥረቢያውን ነክሶ ይይዛል። በግንቦት የደረቀ ግንድ ለመፍለጥ የሞከረ ሰው ማታ ትከሻውን ማንሣት አይችልም። በተጨማሪም የተፈለጠ እንጨት ሆዱ ለነፋስ ክፍት ስለሆነ ካልተፈለጠው ቀድሞ ይደርቃል። ልጡ የተሠራው ውኃ እንዳይወጣ ነውና እሱ ውስጥ እንደታሸገ የተቀመጠ ድቡልቡል ግንድ ከዓመት በኋላም ልቡ እርጥብ ሆኖ ይገኛል።

አፈላለጡ ላይ አንድ ምክር። መሐል ለመሐል አትምቱት። ከጠርዙ ጀምራችሁ እንደ ድንች ልጣጭ ዙሪያውን እያነሣችሁ ወደ ልቡ ግቡ። ጉጥ ያለበትን ለመጨረሻ አቆዩት። እሱም እምቢ ካለ ሽብልቅ አስገቡና በመዶሻ ምቱት። በሽብልቅም እምቢ ያለውን ተዉት፤ ለሰርግና ለተዝካር ድስት ስር የሚገባ ጉማጅ ይፈለጋል።

ምን ዓይነት መጥረቢያ ይሻላል?

ሁለት መጥረቢያ ያስፈልጋችኋል። የመቁረጫው አፉ ቀጭንና ስል ነው። የመፍለጫው ወፍራም፣ ከበድ ያለ፣ እንደ ሽብልቅ የሚከፍት ነው። ብዙ ሰው በአንዱ ሁለቱንም ይሠራና ሁለቱንም ያበላሻል።

ዛቢያው የወይራ ይሁን። ጥያቄ የለውም። የባሕር ዛፍ ዛቢያ ርካሽ ነው፤ ግን እጅ ያቃጥላል፣ ይሰነጠቃል።

የመጥረቢያ ራስ ሲላላ ውኃ ውስጥ መንከር የሚባል የቆየ ዘዴ አለ። እኔም አድርጌዋለሁ። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ጥብቅ ይላል፤ ጉድ ያሰኛል። ችግሩ ሲደርቅ ከበፊቱ የባሰ መኮማተሩ ነው። የኔው በሦስተኛው ቀን ከዛቢያው ወልቆ በጭንቅላቴ አጠገብ አልፎ የጎረቤቴን የዶሮ ቤት በር ገነጠለ። ዶሮዎቹ ለአንድ ሳምንት እንቁላል አልጣሉም፤ ካሣውን በጤፍ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ዛቢያው ጫፍ ላይ ደረቅ ሽብልቅ እመታበታለሁ፣ ዘይት እቀባዋለሁ፣ ከሥራ በፊት ሁልጊዜ ራሱን ነቅነቅ አድርጌ አያለሁ።

ስትፈልጡ እግራችሁን ከፍታችሁ ቁሙ። ከታች መፍለጫ ጉማጅ ይኑር። መጥረቢያው ቢስት ጉማጁን እንጂ ቅልጥማችሁን አያገኝም። ልጆችን ከአጠገባችሁ አርቁ። ፍንጣሪ ዓይን ያጠፋል።

የሞተር መጋዝ ልግዛ?

የምትቆርጡት ለራሳችሁ ቤት ከሆነ አያስፈልግም። ለገበያ ከሆነ ከጓደኛ ጋር ተጋርታችሁ ግዙ ወይም ተከራዩ። ነገር ግን ጫማ፣ ወፍራም ሱሪ፣ የዓይን መሸፈኛና የጆሮ መከላከያ ሳታሟሉ አትንኩት። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት ሰይፍ ይባላል፤ የሰይፉ አፍንጫ የላይኛው ጫፍ እንጨት ከነካ መጋዙ በአንድ አፍታ ወደ ፊታችሁ ይወረወራል። እኔ ያየሁት ሁለት አደጋ ሁለቱም እንዲህ የመጡ ናቸው።

ዛፉ በሚወድቅበት በኩል መጀመሪያ አፍ ይከፈትለታል፤ የግንዱን ሩብ ያህል። ከዚያ ከጀርባው ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆረጣል። መሐሉ ላይ እንደ ማጠፊያ የሚያገለግል ስስ ክፍል ሳይቆረጥ ይቀራል። እሱ ነው ዛፉን አቅጣጫ የሚያስይዘው። መሸሻ መንገዳችሁን አስቀድማችሁ ጥረጉ።

ለመድረቅ ስንት ጊዜ ይፈጃል? እንዴትስ ይከመራል?

የጥያቄዎች ሁሉ ጥያቄ ይህ ነው። የክንድ ውፍረት ያለው ፍልጥ በየካቲት ተከምሮ ነፋስ ካገኘ ከሦስት እስከ አራት ወር ይበቃዋል። ያልተፈለጠ ግንድ ዓመትም አይበቃው። ጭራሮ በሁለት ሦስት ሳምንት ይደርሳል።

አከማመሩ ከጊዜው አያንስም። መጀመሪያ ሁለት አጣና መሬት ላይ ትይዩ አድርጉና ፍልጡን በእነሱ ላይ ደርድሩ። መሬት የነካ እንጨት ከታች ውኃ ይጠጣል። ክምሩ ሰፊ አይሁን፤ የአንድ ፍልጥ ርዝመት ብቻ ይኑረው። ነፋሱ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ጎኑን ወደ ነፋሱ አዙሩት። ሜዳ ከሆነ ፀሐይ ያለበት ገላጣ ቦታ ምረጡ። ከፀሐዩ ይልቅ ነፋሱ ይሠራል፤ ይህን ሰዎች አያምኑኝም። ግን ልብስም ከሞቃት ጓዳ ይልቅ ነፋሻ ደጅ ላይ ይደርቃል።

ትልቁ ስሕተት ሸራ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሰው ክምሩን ከላይ እስከ ታች በላስቲክ ይጠቀልለዋል። ውስጥ ያለው እርጥበት መውጫ ያጣል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲከፍቱት ነጭ ሻጋታ ነው። አናቱን ብቻ አልብሱት፤ በቆርቆሮ ወይም በሣር። ጎኑ ክፍት ይሁን። የላይኛውን ድርድር ልጡን ወደ ሰማይ አድርጉት፤ እንደ ክዳን ያፈሳል።

መድረቁን በምን አውቃለሁ?

እኔ በአራት ነገር አያለሁ። ጫፉ ላይ ከመሐል ወደ ውጭ የሚሄድ ስንጥቅ ይታያል። ልጡ በእጅ ሲሳብ ይላቀቃል። ክብደቱ ይቀንሳል። ሁለት ፍልጥ ስታጋጩ ደረቁ «ቋ» ይላል፤ እርጥቡ «ዱም» ብሎ ይውጠዋል። አረቄ የሚያወጡት እናት እስከ ዛሬ እንጨቴን የሚገዙት አጋጭተው አዳምጠው ነው።

እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ከክምሩ መሐል ሁለት ሦስት ፍልጥ ምልክት ያድርግባቸው። በየሳምንቱ በሚዛን ይመዝናቸው። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም እንጨቱ ከአየሩ ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። ከዚያ በላይ አይደርቅም፤ ከአምስት እጅ አንዱ አካባቢ ሁልጊዜ ውኃ ሆኖ ይቀራል።

እርጥብም እኮ ይነዳል፤ ምን ችግር አለው?

«ከደረቁ ጋር እርጥቡም ይቃጠላል» ይባላል። ለሰው ነገር ልክ ነው። ምድጃ ላይ ግን ብዙ ጊዜ እርጥቡ ደረቁንም ይዞ ያጠፋል።

ሂሳቡን እንየው። ዛሬ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ 100 ኪሎ ቢመዝን ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። በደንብ ሲደርቅ 62 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። 38 ኪሎ ውኃ በነፋስ በነፃ ሄደ ማለት ነው። ነፋስ ያላወጣውን ውኃ እሳቱ ራሱ አፍልቶ ማትነን አለበት። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት 14 ሜጋ ጁል ገደማ ሙቀት ሲሰጥ፣ አንድ ኪሎ እርጥብ 8 ገደማ ነው የሚሰጠው። በኪሎ የገዛ ሰው ግማሽ የሚጠጋውን ገንዘብ ውኃ ላይ አፈሰሰ።

ሙቀቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ያህል ባልጮኽኩ። እንጨት ሲነድ መጀመሪያ ውኃው ይወጣል። ቀጥሎ እንጨቱ ራሱ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ከደረቅ እንጨት ክብደት ሦስት አራተኛው እንዲህ በጋዝነት ነው የሚነደው፤ ነበልባል የምንለው እሱ ነው። የተረፈው ፍም ይሆናል። ውኃው እሳቱን ካቀዘቀዘው ጋዙ ሳይነድ ይወጣል። ይህ ጋዝ ነው ጭስ የሚባለው። ማለትም ጭስ ማለት የገዛችሁት፣ ግን ያልነደደ ማገዶ ነው። ጣራው ላይ ጥላሸት ሆኖ፣ እናታችሁ ዓይን ውስጥ እንባ ሆኖ፣ የሕፃን ደረት ውስጥ ሳል ሆኖ ይቀራል።

«አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም» የሚለው ተረትም የእሳት እውቀት አለው። አንድ ፍልጥ ብቻውን ሙቀቱን ለአየር ይሰጣል። ሁለት ሦስት ሲቀራረቡ ግን አንዱ ሌላውን ያሞቃል፤ ጋዙም ሳያመልጥ ይነዳል። ቢሆንም አታጨናንቁት። በመሐል አየር ማለፊያ ከሌለ ዞሮ ዞሮ ጭስ ነው።

«ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ያላቸው ሰዎች እንጨቱን ሁለት ጣት ውፍረት አድርገው ይፍለጡት። ምድጃው ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ ጠጠር ስለሚሠራ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ወፍራም ጉማጅ ካስገባችሁበት ግን በሩ ሳይከደን ያድራል፤ ቁጠባው ቀረ ማለት ነው።

የትኛው እንጨት ለምን ይሆናል?

ነጭ ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ይያዛል፣ ፈጥኖም ይወርዳል። ለእንጀራ ጥሩ ነው። ቅጠሉ ዘይት ስላለው ቦግ ይላል። ግራር ፍሙ ይቆያል፤ ለቡናና ለወጥ እሱን የሚያህል የለም። ክትክታ ቀጭን ቢሆንም ኃይለኛ ነው። ጥድ ይፈነጥቃል፤ ምንጣፍ ባለበት ቤት አታንድዱት። ብሳና ቀላል ነው፣ ያጨሳል፣ ቶሎ ያልቃል፤ ማገዶ ብሎ መሸጥ ያሳፍራል። ቅንጭብና ቁልቋል ወተታቸው ዓይን ይጎዳል፤ ከናካቴው ተዉአቸው።

ወይራ? ወይራን ማንደድ ይቆጨኛል። የወተት ዕቃና የጠላ ጋን የሚታጠንበትን፣ ዛቢያ የሚሆነውን እንጨት ምድጃ ውስጥ መክተት ሙክት በግ ለድመት መስጠት ነው።

ኩበት እያለ እንጨት ምን ያደርጋል?

በእኛ አገር ኩበት ከእንጨት እኩል ማገዶ ነው። አይፈረድም። ነገር ግን የነደደው ኩበት ለገብሱ መሬት የሚሆን ፍግ ነበር። አንድ እስር ደረቅ እንጨት ምድጃ በገባ ቁጥር ያን ያህል እበት ወደ ማሳ ይመለሳል።

ባሕር ዛፍ መሬት ያበላሻል ይባላል። ልትከል ወይስ ልተው?

ምንጭ አጠገብ አትትከሉ። ሰብል ጎንም አትትከሉ፤ የግድ ከሆነ በመሐል ጥልቅ ቦይ ቆፍራችሁ ሥሩን ቁረጡት። ገበሬው ይህን ከሊቃውንት በፊት ያውቃል። ድንጋያማ፣ ገደላማ፣ ለእህል የማይሆን ጥግ ካላችሁ ግን ትከሉ።

ዛፉ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። አዲስ አበባ ያኔ እንጨት አልቆባት ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሁሉ አስበው ነበር። ከተማዋን እዚያው ያስቀራት ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው ቢባል አይጋነንም። ዛሬም እንጦጦ ላይ ቅጠልና ጭራሮ ጀርባቸው ላይ ጭነው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ዛፉን የሚሰድብ ሰው ሲያጋጥመኝ እነሱ ናቸው የሚታወሱኝ።

በምን ሂሳብ ልሽጥ?

በሸክም፣ በእስር፣ በአህያ ጭነት፣ በመኪና፤ ሁሉም አለ። በኪሎ የሚሸጥ ሲያጋጥማችሁ ግን ተጠንቀቁ። በኪሎ ሲሆን ሻጩ እንጨቱን ባያደርቅ ነው የሚጠቀመው። እኔ ደርድሬ በልኬት ነው የምሸጠው፤ አንድ ሜትር ቁመት፣ አንድ ሜትር ወርድ፣ አንድ ሜትር ርዝመት። በመሐሉ ያለው ክፍተት ሲቀነስ እንጨቱ ከሜትር ኩቡ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው፤ ይህን ለገዢው እነግረዋለሁ። ሲደረደር እርጥቡም ደረቁም ቦታው ያው ስለሆነ ማንም ውኃ አይሸጥም።

ዋጋው የሚጨምረው በክረምት ነው። በየካቲት የተቆረጠውን እስከ ሐምሌ ይዞ መቆየት የሚችል ሰው ድካሙ ይከፈለዋል። ችግሩ በመጋቢት ብር የሚያስፈልገው መሆኑ ነው። እኔ ከሦስት እጅ አንዱን ለአጣና ሸጬ በእሱ እዘልቃለሁ።

ሁሉንም ማገዶ ማድረግ አለብኝ?

በፍጹም። ቀጥ ያለውን መጀመሪያ ለዩ። ለቋሚ፣ ለወራጅ፣ ለማገር የሚሆን እንጨት በምድጃ ዋጋ መሄድ የለበትም። ልጡን የቆረጣችሁ ዕለት ላጡት፤ ካደረ ይጣበቃል።

የሚሠራበት እንጨት አደራረቅ ከማገዶው ተቃራኒ ነው። ማገዶ ፈጥኖ ቢደርቅና ቢሰነጠቅ ደስ ይለናል። ጣውላና ዛቢያ የሚሆነው ግን ቀስ ማለት አለበት። ባሕር ዛፍ ውስጡ የታመቀ ኃይል ስላለው ገና ሲቆረጥ ጫፉ ይፈነዳል። ጥላ ውስጥ አስተኙት፣ ጫፉን በቀለም ወይም በእበት ለቅልቁት፣ ከላዩ ክብደት ጫኑበት። እንዲህም ሆኖ ከአሥሩ ሁለቱ ይጣመማሉ። የተጣመመው ወደ ምድጃ ይሄዳል፤ ኪሣራ የለውም።

ከሰል ባደርገው አይሻልም?

የሚሻለው ከተማው ሩቅ ከሆነ ነው። ከሰል ቀላል ነው፣ አያጨስም፣ በኪሎ 29 ሜጋ ጁል ገደማ ይሰጣል። ግን በአፈር በተሸፈነ ክምር 100 ኪሎ ደረቅ እንጨት ከስሎ የሚወጣው ከ10 እስከ 20 ኪሎ ነው። ከእንጨቱ ሙቀት ከግማሽ በላይ እዚያው ክምሩ ላይ ጠፋ። እዚህም ያው ነገር ነው፤ እርጥብ እንጨት ከከመራችሁ ውኃውን ለማትነን ብቻ የእንጨቱ ብዙ ክፍል አመድ ይሆናል።

ጭሱን ማንበብ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ወፍራም ነጭ ነው፤ ውኃ ነው የሚወጣው። ሰማያዊ ሆኖ ሲሳሳ ከሰሉ ደርሷል። ያን ጊዜ አየሩን ሁሉ ድፈኑ። አንዲት ቀዳዳ ካመለጠቻችሁ ጠዋት የምታገኙት አመድ ነው።

ሥራውን በደንብ ማየት የሚፈልግ አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ይሂድ። ገበሬዎቹ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክሉና በአራት አምስት ዓመቱ ቆርጠው ያከስላሉ። ከዚያ መሬቱ ተመልሶ ይታረሳል። ብዙ ቤት የተሠራበት ገንዘብ ነው። በቅርብ ዓመታት ዝገት የሚሉት በሽታ ዛፉን ክፉኛ መትቶታል፤ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መትከል ያለውን አደጋ እሱ አሳየን።

ከሰል ለምትሸጡትም ለምትገዙትም አንድ ነገር። «ጭሱ አልቋል፣ ቀልቷል፣ አሁን ወደ ቤት ይግባ» የሚለው አባባል ሰው ይገድላል። የቀላው ከሰል የሚያወጣው መርዛም ጋዝ ሽታም ጭስም የለውም። በር ተዘግቶ የተተኛ ሰው ሳይነቃ ያልፋል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ መጀመሪያ ወደ ውጭ ውጡ፤ ሎሚው ቆይቶ ይፈለጋል። ሲተኙ የከሰል ምድጃ ደጅ ነው ማደር ያለበት፤ ብርዱን በብርድ ልብስ ቻሉት።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

የራሳችሁ ዛፍ ቢሆንም ጭናችሁ ስታንቀሳቅሱ ኬላ ላይ ወረቀት ትጠየቃላችሁ። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል ደንን ያውቃል፤ ዝርዝሩ ግን ከክልል ክልል ይለያያል። መኪና ከመከራየታችሁ በፊት ቀበሌና ወረዳ ሄዳችሁ ጠይቁ። እኔ አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ ጭኜ ኬላ ላይ ቀኑን ሙሉ ቆሜአለሁ፤ የመኪናው ኪራይ የእንጨቱን ትርፍ በላው። እንደ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ያሉትን አገር በቀል ዛፎች አትንኩ።

አመዱን ምን ላድርገው?

አትጣሉት። አሲዳማ መሬት ላይ በስሱ ቢበተን እንደ ኖራ ይሠራል፤ ፖታሲየምም አለው። ከዩሪያ ጋር ግን አንድ ላይ አትበትኑት፤ የዩሪያው ናይትሮጅን ወደ አየር ያመልጣል። ለዘር የሚቀመጥ ባቄላ ከደረቅ አመድ ጋር ቢደባለቅ ነቀዝ ይሸሸዋል።

ከምድጃ እንደወጣ ግን ጆንያ ውስጥ አትክተቱት። አመድ ፍም ደብቆ ያሳድራል። በቆርቆሮ ዕቃ አድርጋችሁ፣ ከእንጨት ክምሩ አርቃችሁ፣ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩት። እኔ ማታ በጆንያ ሞልቼ አጥሩ ስር ያስቀመጥኩት አመድ በማግስቱ ሌሊት ጆንያውንም አጥሩንም ይዞ ሄዷል። የአጥሩ እንጨት ደረቅ ነበር፤ ምንም አላጨሰም።